የታጠፈችው ጣት በየትኛው እጅ ነበረች

ውድ ወንድሜ ልዑልቃል፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። አንተም ደህና እንደሆንክ አይቻለሁ። እዚህ ጂንካ አዳራሽ ተከራይቶ በብርሃን የሠራኸውን ጨዋታ የሚያሳየው በረከት ስልኩ ላይ ፎቶህን አሳየኝ። መድረክ ላይ ቆመህ፣ መነጽር አድርገህ፣ ትንሽ ወፍረሃል። ይስማማሃል። ከፎቶው ሥር "ልዑል ጂ" ይላል። የአባታችን ስም ጉታ አንዲት ፊደል ሆኖ ሳየው ቶሎ አልገባኝም ነበር።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። የሸክላ ሠሪዋ ቤተሰብ ካልፈረመበት ጨዋታህ ወደ ውጭ አገሩ ውድድር እንደማይሄድ፣ እስከ ሰኔ ማለቂያም እጅህ መግባት እንዳለበት በረከት ነግሮኛል። በስልክ ላገናኝሽ ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በስልክ አንተ ትፈጥናለህ፣ እኔ ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል ደግሞ "እሺ አለች" ይባላል። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። መልሱ መጨረሻው ላይ ነው፤ ሌላውን ዘለህ ወደዚያ እንዳትሄድ ግን እለምንሃለሁ።

"አስካል መጻፍ የት ተማረች?" ትል ይሆናል። ካንተ ነው፣ ሳታውቅ። አንተ በሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ስትወለድ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እማዬ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ልታስገባኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። አባባ ታመመና ሞተ፤ ጀርባዬ ላይ አንተ ታዘልክ። ስታድግ ትምህርት ቤት የገባኸው አንተ ሆንክ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሮችህን እየቀደድን ቅዳሜ ገበያ የምናወርዳቸውን ትንንሽ ሸክላዎች እንጠቀልልባቸው ነበር። እኔ ከመጠቅለሌ በፊት እያንዳንዷን ቅዳጅ አነባለሁ። የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣም፣ የመድኃኒት ካርቶንም አነብ ነበር። ከአራተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተርህ ልብ አራት ክፍል እንዳለው አውቄያለሁ። ገጹ ግማሽ ስለነበረ ግን የሁለቱን ስም ብቻ ነው የማውቀው።

በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ አንድ ቀን "እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ አይደለሁም" ብለህ አምስት ጊዜ ጽፈህ አገኘሁ። እሱን ገጽ አልጠቀለልኩበትም። እማዬ ማንበብ ባትችልም ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

አልፈርድብህም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነሪ ወንዝ ዳር ተቀምጠህ ጥፍርህን በድንጋይ ስትፈትግ አይህ ነበር። ልጆቹ አብረውህ እንደማይበሉ አውቃለሁ። እኔም ገበያ ስወርድ አውቀዋለሁ። ባለሱቋን እትዬ አየለችን ታስታውሳታለህ? ማሰሮ የምትገዛው ከእማዬ ብቻ ነበር። ከተደረደረው ሁሉ መሃል እያነሳች "ይኸ የዘሪቱ እጅ ነው፣ ይኸ አይደለም" ትል ነበር፤ አንድ ቀን አልተሳሳተችም። ውሃ ስንለምናት ግን በጣሳዋ አትሰጠንም፤ ከላይ ሆና መዳፋችን ላይ ታፈስልን ነበር። እጃችንን በማሰሮው ላይ ትወዳለች፣ ጣሳዋ ላይ አትወድም።

አሁን ወደ ጥር ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ልሂድ። ስምንት ዓመት ሳትመጣ ቆይተህ ነበር። ነጭ መኪና ከኮባው አጥር ውጭ ቆመ። አንተ ወረድክ፤ ኤልሳ የምትባል የሥራ ጓደኛህ ወረደች፤ ሁለት ወንዶች ሳጥን ተሸክመው ተከተሉ። እማዬ ማሰሮ ጀምራ እጇ ጭቃ ነበር። ጭቃውን በቀሚሷ እየጠረገች ልታቅፍህ ሮጠች። አንተ ክንድህን ዘረጋህና እንደ እንግዳ ጨበጥካት። ወደ ኤልሳ ዞረህም "እነዚህ ከድሮ ጀምሮ የማውቃቸው ሸክላ ሠሪዎች ናቸው" አልክ።

እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀና ብላ "እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። የት ጋ ልቁምልዎ?" አለችህ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ እንደነበር ታውቃለህ፤ አንተንና አንቺን ታደባልቅ ነበር። ያን ቀን ግን አንድም ቦታ አልሳተችም። ቀኑን ሙሉ "ይቀመጡ"፣ "ፀሐይ እንዳይመታዎ"፣ "ቦዬ ተቀቅሏል፣ ይቅመሱ" ስትልህ ዋለች። በቋንቋችን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ብታወራህ አንተም መልሰህ ታወራለህ፣ ያኔ ትታወቃለህ ብላ ነው። ቦዬውን ኤልሳ በላች። አንተ "ጠግቤያለሁ" አልክ።

ኤልሳ ደግ ልጅ ነበረች። ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች የተለጠፉበት ጥቁር ልብስና ጓንት አወጣች።

"እማማ ዘሪቱ፣ ይህን ጓንት ያድርጉልኝ።"

"በጓንት? ጭቃው በምን ያውቀኛል?"

"ጭቃ የለም እማማ። ማሰሮ እንዳለ አድርገው ባዶውን ነው የሚሠሩት። ካሜራዎቹ ሰውነትዎን ይይዛሉ።"

እማዬ ሳቀች። "በስተርጅናዬ ዕቃ ዕቃ ልጫወት?"

ኤልሳም ሳቀችና አስረዳቻት። ከላይ ጣራ ላይ ፕሮጀክተር ይሰቀላል፤ መሬት ላይ በብርሃን የተሠራ ማሰሮ ይወርዳል። ዙሪያውን የሚረገጥበት የእግር ምልክት፣ ከላዩም ሁለት የብርሃን እጆች ይታያሉ። ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ሰውነቱን እንደ እማዬ ካንቀሳቀሰ ማሰሮው ያድጋል። ካልቻለ ይፈርሳል።

"ጭቃ ሳይነኩ?" አለች እማዬ።

"ምንም ሳይነኩ።"

"ታዲያ ማን ይጠላቸዋል?"

ኤልሳ አልገባትም። አንተ ግን ገባህ፤ ጎንበስ ብለህ ሽቦ መጠቅለል ጀመርክ።

ከዚያ እማዬ ባዶ መሬት ዙሪያ ሠራች። ግራ እጇ ከውስጥ ይደግፋል፣ ቀኝ እጇ ከውጭ እየጎተተ ያወጣል፣ እግሯ ወደ ቀኟ ይሄዳል። ዙር በዙር ወገቧ ቀና እያለ መጣ፤ ማሰሮው እያደገ ነዋ። አንገቱ ላይ ስትደርስ እጇ ጠበበ። ሲያልቅ ከንፈሩን በቅጠል እንደምታለሰልስ አድርጋ ዞረችው። ቅጠልም የለም፣ ማሰሮም የለም። ኤልሳ "ወይኔ፣ ታየኝ እኮ!" ብላ አፏን ያዘች። እኔም አይቼዋለሁ፤ ሰፊ ሆዱን፣ አንገቱን። አንተ ላፕቶፑን ነበር የምታየው።

ልትሄዱ ስትሉ ስልኬን ረሳሁ ብለህ ብቻህን ወደ ቤት ተመለስክ። እኔ ጓዳ መሆኔን አላየህም። በቋንቋችን፣ በሹክሹክታ፣ "እማ፣ ስምሽ መጀመሪያው ላይ ይጻፋል፤ ሰው ሁሉ ያነበዋል" አልካት። እሷ "ሂድ፣ ይጠብቁሃል" አለችህ። ጉንጭህን ልትነካ እጇን አንስታ ጭቃ አለበት ብላ መለሰችው። ጓንት አድርጋ ነው የዋለችው፤ ምንም ጭቃ አልነበረበትም።

አመሻሽ ላይ ተቆጣኋት። "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ጌታዬ የምትይው?" አልኳት።

"ማሰሮ ሸጠሽ ገዢው ቤት ሄደሽ 'የኔ ነው' ትያለሽ?"

"ልጅ ማሰሮ ነው?"

"አስካል፣ ተይኝ ደክሞኛል" አለችኝና ተኛች።

የኔንም ልናገር። እኔም ያን ቀን "እርስዎ" ብዬሃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወንበር ሳቀብልህ። ማንም አላዘዘኝም። "ይኸ ወንድሜ ነው፣ በጀርባዬ ያሳደግሁት" ብል ምን ትሆን ነበር? ቀኑን ሙሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ለእማዬ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው፤ በሰው ፊት "አላውቃትም" ብትለኝስ ብዬ።

ካንተ መሄድ በኋላ እማዬ ስሟን መጻፍ አስተምሪኝ አለችኝ። "ያ ብርሃን ሲመጣ ስሜን ካላወቅሁት በምን አየዋለሁ?" አለች። ሦስት ፊደል ናት፤ ዘ፣ ሪ፣ ቱ። በወረቀት አልሆንላት አለ፤ እርሳሱ ከእጇ ይወድቅ ነበር። በእርጥብ ጭቃ ላይ በእንጨት ስትጭር ግን በሁለት ሳምንት ያዘችው። "ሪ" ላይ ትንሽ ትቸገር ነበር። ከዚያ በየጊዜው "ብርሃኑ መጣ?" ትለኛለች። ከከተማ ስመለስ ዕቃዬን ሳላወርድ ትጠይቀኛለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጠየቀችኝ። ሐምሌ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ላይ ሞተች። አንተ በሦስተኛው ቀን መጣህ፤ መኪናህን ከታች አቁመህ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ ሄድክ። የቸርች ሰዎች "ይኸ እንግዳ ማነው?" ሲሉኝ ምን እንዳልኩ አታውቅም። ባታውቀው ይሻላል።

ብርሃኑ ዘንድሮ በሚያዝያ መጣ። በረከት በሞንታርቦ እየዞረ አስታወቀ። አዳራሹ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ ነው። ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ ሄድኩ፤ ሠርግ የምሄድ ነበር የምመስለው። ሲጀምር ግድግዳው ላይ የሠሪዎቹ ስም ወጣ። በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሰባት ስም ነው። ሙዚቃ የሠራው አለ፣ ቀለም የቀባው አለ፣ ሾፌሩ እንኳ አለ። ያቺን ሦስት ፊደል ፈለግኋት። አልፎኝ ይሆናል ብዬ በረከትን እንደገና እንዲያሳየኝ ለመንኩት። "ስሙን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ጨዋታው ነው እንጂ!" አለኝ።

ከስሙ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን ኮረዳ ወጣች፤ ጸጉሯ በቀይ አፈር የተለወሰ፣ ደረቷ ጨሌ በጨሌ። ከዲመካ ለገበያ የመጣች፣ ጸጉሯን እንደዚያው የለወሰች ሴት አጠገቤ ቆማ ነበር። "ጸጉሯ የኛ ነው፣ ጨሌዋ ግን የማን እንደሆነ እንጃ" ብላ ሳቀች። ኮረዳዋ ግን ስትራመድ የእማዬ አረማመድ ነው። ወገቧን ስትይዝ የእማዬ አያያዝ ነው። የእናታችንን ሰውነት ወስዳችሁ ሌላ ሰው አለበሳችሁበት።

"አስካል! አንቺማ ባለሙያ ነሽ፤ አሳዪያቸው!" አለ በረከት በማይክ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ማሰሮው እግሬ ሥር ያበራል። ጎንበስ አልኩ፤ ግራ እጄን ከውስጥ፣ ቀኜን ከውጭ አድርጌ ወደ ቀኜ ሄድኩ። የብርሃኑን እግር አላየሁም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሄደ እግር ምልክት አይፈልግም። ማሰሮው ተንቀጠቀጠና ፈረሰ። አንዲት የሴት ድምፅ ከላይ "ተሳስተዋል። እንደገና ይሞክሩ" አለች።

ሞከርኩ። "ተሳስተዋል።" እንደገና ሞከርኩ። "ተሳስተዋል።"

"ምልክቱን ተከተዪ እንጂ እትዬ አስካል!" ይላል አንዱ። "ጭቃ አምጡላት፣ ያለ ጭቃ አይሆንላትም!" ይላል ሌላው። ግድግዳው ላይ ነጥቤ ወጣ፤ ከመቶ አሥራ አንድ። ልጆቹ "አሥራ አንድ! አሥራ አንድ!" እያሉ አጨበጨቡ። ጫማዬን ሳደርግ የግራውን በቀኝ አድርጌው ነበር።

ከኔ ቀጥላ ማን ገባች መሰለህ? እትዬ አየለች። አርጅታለች፣ ከዘራ ይዛለች፤ ግን ምልክቱን እየረገጠች፣ እጇን በብርሃኑ እጅ ላይ እያሳረፈች ቀስ ብላ ዞረች። ማሰሮው አደገ፣ ሆድ አወጣ፣ አንገት አወጣ። ዘጠና አራት። ያቺ የሴት ድምፅ "ግሩም! እጅዎ የሸክላ ሠሪ እጅ ነው!" አለቻት። እትዬ አየለች ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ "ጉድ እኮ ነው! ምንም አልቆሸሽኩም!" አለች።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ "እንግዲህ እትዬ፣ ሸክላ ሠሪ ከሆኑ ውሃ በምን እንስጥዎ?" አላት።

ግማሹ ሳቀ። እትዬ አየለች ዞራ አየችኝ። እጇ እንደተነሳ ቀረ። አሁን ቸርች አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው፤ ስንገናኝ ጉንጬን ትስመኛለች። ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም፤ መብራት ጠፋ። ማሰሮውም፣ ኮረዳዋም፣ ዘጠና አራቱም አብረው ጠፉ። ጀነሬተሩን እስኪያስነሱ ጨለማ ውስጥ ቆመን ቀረን።

እኔ ግን ከመጥፋቱ በፊት ያየሁት ነገር ነበር። እትዬ አየለች ስትሠራ የብርሃኖቹን እጆች አተኩሬ አየኋቸው። አንዱ እጅ ላይ አመልካች ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ ሌሎቹ ሲዘረጉ እሷ አትዘረጋም። "እማዬ!" ብያለሁ መሰለኝ፤ የዲመካዋ ሴት ዞር ብላ አይታኛለች። ከዚያ እንደገና አየሁ። የታጠፈችው ጣት ያለችው በግራው እጅ ላይ ነው። ማሰሮው ውስጥ ያለውም ቀኙ ነው። እግሩም ወደ ግራ ነው የሚሄደው።

ቤቴ ሄጄ መስታወት ፊት ቆምኩ። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ነው። ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ አወረድኩ። ሰው ፊት ለፊት ሲያዩ እንደዚያ ይገለበጣል። ጨዋታው ግን ፊት ለፊት አይደለም፤ ከላይ ወደ መሬት ነው የሚወርደው፣ ሰው እጁን በእጇ ላይ ነው የሚያሳርፈው። በነጋታው በረከትን ጠየቅሁት። ሠራተኞቹ ጋ ደወለ። "እውነትም ሲሠራ አንዱ ገልብጦት ይሆናል ይላሉ" አለኝ። "ግን አንቺ ባትሆኚ ማን ያውቀዋል አስኩ? አንድ ሰው አላስተዋለም።"

"ልዑልቃልስ አላየውም?" አልኩት።

"ልዑል? እሱማ የመጨረሻውን አይቶ አጽድቆ የፈረመው እሱ ነው።"

ኤልሳ ባታውቅ አልፈርድባትም። ቀለም የቀባው ባያውቅ፣ ሾፌሩ ባያውቅ አልፈርድባቸውም። አንተ ግን ልዑልቃል፣ አንተ እዚያ ቤት ነው ያደግኸው። እናትህ በየት በኩል እንደምትዞር ሳታይ አሥራ ስምንት ዓመት የበላኸው ከማን ማሰሮ ነው? ይኸንንም ተወው። ያቺን ጣት እንዴት ረሳህ?

ረስተህ ከሆነ ልንገርህ። ሰማንያ ስምንት ክረምት ነበር፣ አምስት ዓመትህ። ጭቃ የምንቆፍርበት ገደል ሥር እኔና እማዬ ቅርጫት እንሞላለን፤ አንተ ከጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለህ በጭቃ በሬ ትሠራለህ። ጥሩ እጅ ነበረህ፤ በሬው ሻኛ ነበረው። አፈሩ ተናደና ዋጠህ። እማዬ መቆፈሪያውን ወረወረችው፤ ራሱን ይመታብኛል ብላ ነው። በእጇ ነው የቆፈረችው። ድንጋዩን ስትነቅል ጣቷ ሲሰበር እኔ ድምፁን ሰማሁ፤ እሷ አልሰማችም። አንተን ስባ ስታወጣህ ጭቃ ትተፋ ነበር፣ በሬህን እንደያዝክ ነበር። ጣቷ እንደታጠፈች ዳነች። ከዚያ ወዲህ በማሰሮዋ አንገት ሥር አንዲት ቀጭን መስመር ትወጣ ጀመር። እትዬ አየለች "የዘሪቱ እጅ" የምትለው እሷን መስመር አይታ ነው።

ቀኝ እጇ ነበር። አንተን ያወጣችበት።

ወረቀቱን በረከት ያመጣው ከዚያ ከሳምንት በኋላ ነው። ቀለም የነካ ስፖንጅ በቆርቆሮ ይዞ መጣ።

"አስኩ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ጋ ብቻ።"

"ምን ይላል?"

"ያው ፎርማሊቲ ነው።"

"አምጣው ላንብበው።"

ሳቀ። ማንበብ ስጀምር መሳቁን ተወ። "እንቅስቃሴው የተወሰደው ስማቸው ካልተጠቀሰ የአካባቢው ነዋሪ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በማናቸውም ጊዜ ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደማያነሳ..." ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ።

"ስሟ ዘሪቱ አንጁሎ ነው" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ አስኩ? ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው።" ቀጠለና "ልዑል እኮ ሥራውን የሠራሁት ለእናቴ መታሰቢያ ነው ይላል በየቃለ መጠይቁ። ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተችው፣ መልኳን አላውቀውም ይላል። ያሳዝናል" አለኝ። ቀጥሎም "ለመሆኑ አንቺ የት ታውቂዋለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? "ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀን ሸክላ ሠሪዎች ነን" አልኩት። ያንተኑ ቃል መለስኩልህ። ምስጢርህን እስከዚያች ቀን ጠብቄልሃለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ያልነበረብኝ ነገር መጣብኝ። በሁለት ሺህ አሥራ አራት የቀበርኳትን ሴት አንተ ሕፃን ሳለህ ቀብረሃታል። ታዲያ ጥር ላይ "ጌታዬ" ያለችህ ማን ነበረች? "ብርሃኑ መጣ?" ስትለኝ የነበረችውስ?

ፍላጎቴን ልንገርህ። ገንዘብ አልጠይቅህም። እጆቹን አገላብጣቸው፤ ቀኟ ቀኝ ይሁን። ያቺን ኮረዳ አውርዳት። ስሟን ከሃያ ሰባቱ ፊት ጻፍ፤ ሦስት ፊደል ናት፣ ቦታ አትፈጅም። ከዚያ ራስህ ና፤ በበረከት አትላክ። እማዬ የመጨረሻውን ማሰሮ ሳትተኩሰው ነው የሞተችው፤ እቤት ማዕዘን ላይ አለ። ሆዱ ላይ ስሟን ጭራበታለች፤ "ሪ" ትንሽ ጠማማ ናት። ከአንገቱ ሥር ያቺ መስመር አለች። ጣትህን አኑርባትና በየት በኩል እንደምትሄድ እይ። ካየህ በኋላ ብዕር አምጣ እፈርማለሁ።

የምትመጣ ግን አይመስለኝም። ስትመጣ ላይህ የምፈልግም አይመስለኝም። ማታ ማታ እምባ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሚመጣው ንዴት ነው። እሱም ይደክመውና ይተወኝ ይሆናል።

ወረቀትህን ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። የፊርማው ቦታ እንደነበረ ነው፤ ከታች የፈረምኩት ለደብዳቤው ብቻ ነው። ለበረከት አልሰጠሁትም፤ በፖስታ ቤት ነው የላክሁት። መኖሪያህን ስለማላውቅ በመሥሪያ ቤትህ አድራሻ አድርጌዋለሁ። ፖስታው ላይ "ለልዑልቃል ጉታ" ብዬ በትልልቁ ጽፌያለሁ፤ ከጀርባውም "ከእህቱ፣ ከጂንካ" ይላል። እዚያ ያሉት ሰዎች "ይኸ ማነው?" ብለው እየዞሩ ከጠየቁ፣ እኔ ሩቅ ነኝ፤ አንተ ንገራቸው።

አስካል ጉታ
የዘሪቱ አንጁሎ ልጅ